ሁለተኛው ሳይክል ከፋሲካ በፊት ወይስ በኋላ? የአንድ ግዢ ሙሉ ጉዳይ

ባለጉዳዩ ወዳጄ ነው። ስሙን ልተወው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤቱ ጋር ይኖራል። ዋሽንግተን መሀል ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ጥገና ክፍል ነው የሚሠራው። ያደገው ባህር ዳር ነው። የባህር ዳር ልጅ ስለሆነ ሳይክል ለእሱ መዝናኛ ሆኖ አያውቅም። መሄጃ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2025 ፌብሩዋሪ መጀመሪያ ላይ እቁብ ደረሰው። ከእቁቡ ላይ 1,200 ዶላር ለሁለተኛ ሳይክል ለየና ደወለልኝ። "ቅዳሜ ሱቅ እንሂድ" አለኝ። እኔ ሳይክል ስነካካ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ሀበሻው ሁሉ ሲገዛም ሲሰበርበትም ይደውልልኛል። ይሄኛው ግዢ ከሌሎቹ ተለይቶ መጻፍ ያስፈለገው፣ አንድ ሰው ሁለተኛ ሳይክል ሲያምረው የሚገጥመው ነገር ሁሉ እዚህ አንድ ጉዳይ ውስጥ ስለተሰበሰበ ነው።

መጀመሪያ ያለውን ሳይክል ላስተዋውቅ። ሃይብሪድ የሚሉት ዓይነት ነው። የአሉሚኒየም ፍሬም፣ ቀጥ ያለ መሪ፣ 38 ሚሊሜትር ጎማ፣ ከፊት ሦስት ከኋላ ስምንት ማርሽ። ፓራፋንጎ አለው፣ ከኋላ የዕቃ መጫኛ አለው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በእሱ ነው ሥራ የሚሄደው። የሜትሮፖሊታን ብራንች የሳይክል መንገድን ይዞ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ዩኒየን ስቴሽን ይወርዳል። መንገዱ የባቡር ሐዲዱን እየተከተለ ይሄዳል፣ ቦታ ቦታ ላይ ደግሞ ከመኪና ጎዳና ጋር ይቀላቀላል። ክረምት ላይ አስፋልቱ ላይ የሚረጨው ጨው ካቴናውን ይበላዋል። ቢሆንም ሳይክሉ ጤነኛ ነው። ምንም አልጎደለውም።

ታዲያ ሁለተኛ ለምን? በቅዳሜዎቹ ምክንያት። እዚህ አካባቢ ቅዳሜ ጠዋት አብረው የሚነዱ ሀበሾች አሉ። አብዛኞቹ የኮርስ ሳይክል፣ ማለትም ጥምዝ መሪ ያለው የእሽቅድምድም ሳይክል፣ አላቸው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተው በሮክ ክሪክ ፓርክ ቢች ድራይቭ ይወርዳሉ። የቢች ድራይቭ ላይኛው ክፍል በ2020 ለመኪና ተዘግቶ እንደተዘጋ ስለቀረ፣ ያለ ጭንቀት እየተጫወቱ የሚወርዱበት መንገድ ነው። ከዚያ እስከ ሄይንስ ፖይንት ይዘልቃሉ። ሄይንስ ፖይንት ፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለ ሜዳ ነው። ዳገት የለውም፣ ነፋስ ግን አለው። ወዳጄ ወደ ኋላ የሚቀረው እዚያ ላይ ነው። እነሱ ጎንበስ ብለው ሲበሩ እሱ ነፋሱን በደረቱ እየተቀበለ ይከተላል።

ሌላም ነገር አለ። በ2024 ቢንያም ግርማይ ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሦስት ዙር አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ከወሰደ ወዲህ የቡድኑ ወሬ ሁሉ ኮርስ ሆኗል። ከመካከላቸው አንድ የመቀሌ ልጅ አለ። እሱ ደግሞ ወሬው ወደ ኤርትራ ብቻ እንዳይሄድበት፣ ፅጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን በየሳምንቱ ያስታውሳቸዋል። እንዲህ ያለ ወሬ መሀል በፓራፋንጎ መገኘት ትንሽ ያሳፍራል መሰለኝ።

ባለቤቱ ግን አልተዋጠላትም። "አንድ ሰው ነህ። ሁለት ሳይክል ላይ እንዴት ነው የምትቀመጠው?" አለችው። ይሄ ቀልድ ነው። ቀጥላ የጠየቀችው ግን ቀልድ አልነበረም። "የት ልታስቀምጠው ነው?" ቤቱ አንድ መኝታ ክፍል ነው። አሮጌው ሳይክል በሩ ጀርባ ተደግፎ የገባ የወጣውን ሁሉ ልብስ ካቴና ያስነካል። ኮሪደር ላይ ማቆም ሕንፃው አይፈቅድም። ምድር ቤት የሳይክል ክፍል አለ፣ ነገር ግን ከዚያ ሳይክል እንደተሰረቀ ሁለቱም ያውቃሉ።

እኔ ደግሞ የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው። "ያለህ ሳይክል የማይችለው ምንድን ነው?"

"ፍጥነት" አለኝ።

አላመንኩትም። ሁለተኛ ሳይክል የሚፈልግ ሰው ሁሉ የሚመልሰው ይህንኑ ነው። ሱቅ ሄዶ የሚያምረውን ይገዛል። ክረምቱ ሲያልፍ አንዱ ሳይክል ሥራ ይሠራል፣ ሌላው ልብስ ይሰቀልበታል። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሥራ የሚደግም ከሆነ አንዳቸው ሥራ ፈት መሆናቸው አይቀርም። ስለዚህ ሱቅ ከመሄዳችን በፊት ያለውን ሳይክል እንፈትነው አልኩት።

ፈተናው ቀላል ነው። ፓራፋንጎውንና የዕቃ መጫኛውን ፈታን። 38 ሚሊሜትር የነበረውን ወፍራም ጎማ አውጥተን 32 ሚሊሜትር ለስላሳ የአስፋልት ጎማ አስገባንበት። ሁለቱ ጎማ 80 ዶላር ፈጀ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስታውስ። የጎማው ጎን ላይ 32-622 የሚል ጽሑፍ ይገኛል። 32 የጎማው ስፋት ነው፣ 622 ደግሞ ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ዲያሜትር፣ ሁለቱም በሚሊሜትር። አብዛኛው ሃይብሪድም፣ አብዛኛው ኮርስም፣ ባለ 29 የሚባለው የተራራ ሳይክልም 622 ነው። ስለዚህ ጎማው ለሃይብሪዱ ባይሆን ለሚገዛው ኮርስ ይሆናል። ፈተናው ቢከሽፍም 80 ዶላሩ አይቃጠልም ማለት ነው። ባለቤቱን ያሳመናትም ይሄ ነው።

በዚህ ሁኔታ ቅዳሜ ከቡድኑ ጋር ነዳ። ያገኘነው መልስ ከጠበቅነው የተለየ ነበር። ቢች ድራይቭ ላይ ከሰዎቹ እኩል ወረደ። ጎማውና ክብደቱ ሲቀንስ ፍጥነት የሚባለው ችግር ግማሹ ጠፋ። ሄይንስ ፖይንት ላይ ግን እንደገና ወደ ኋላ ቀረ። ሲመለስ ደግሞ የቀለበት ጣቱና ትንሿ ጣቱ ደንዝዘው ነበር፣ በሁለቱም እጅ። ከዚህ በፊትም ይደነዝዙ ነበር። እሱ ግን ከብርዱ ነው ብሎ ስለሚያስብ ለማንም አልነገረም።

ሁለቱም ነገር የሚመጣው ከመሪው ነው። ቀጥ ያለ መሪ እጅን የሚያስቀምጠው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ሰዓታት ሲነዱበት የመዳፉ ውጫዊ ጠርዝ ይጫናል። ወደነዚያ ሁለት ጣቶች የሚሄደው ነርቭ የሚያልፈው በዚያ ነው። ነፋሱስ? ሜዳ ላይ ፍጥነት ሲጨምር አብዛኛውን ጉልበት የሚበላው አየሩ ነው፤ አየሩን የሚገፋው ደግሞ በዋናነት የነጂው አካል ነው፣ ሳይክሉ አይደለም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለአየሩ ብቻ የሚያስፈልገው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። ደረቱን ገትሮ የተቀመጠ ሰው ጎንበስ ካሉት ጋር እኩል ለመሄድ ሁልጊዜ ከእነሱ በላይ ይከፍላል።

እንግዲህ የሚፈለገው ነገር ስም አገኘ። ሃይብሪዱ የማይችለው፣ እጅን ሦስት አራት ቦታ የሚያሳርፍና ጎንበስ የሚያደርግ መሪ መሸከም ነው። ለሃይብሪዱ ጥምዝ መሪ ቀይሮ ማድረግስ? የሚሉ ይኖራሉ። ይቻላል። ግን የማርሽና የፍሬን መቆጣጠሪያው አብሮ ይቀየራል፣ ፍሬሙም ለቀጥተኛ መሪ ተብሎ ረዘም ተደርጎ የተሠራ ስለሆነ ጥምዙ ሲመጣ በጣም ያንጠራራል። ገንዘቡ የሌላ ሳይክል ግማሽ ይሆናል፣ ውጤቱ ግን ለሥራም ለቅዳሜም የማይመች ነገር ነው።

አሁን ሱቅ ሄድን። በቅናሽ የቀረበ፣ ያለፈው ዓመት ሞዴል፣ የሚያብረቀርቅ ኮርስ አለ። ወዳጄ ከበሩ ገና ሳይገባ አይኑ እሱ ላይ ቀረ። ዋጋው 1,450 ዶላር፣ ከሜሪላንድ 6 ከመቶ የሽያጭ ታክስ ጋር 1,537። ከበጀቱ በላይ ነው። ሻጩ "ታሪፍ እየመጣ ነው፣ ዋጋው መጨመሩ አይቀርም" አለን፤ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ ማለቱ ነው። ልጁ አልዋሸም። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ሳይክል አብዛኛው ከእስያ ነው የሚመጣው፤ ያን ጊዜ ሁሉም የሚያወራው ታሪፍ ነበር። ግን የቀረው አንዱ ሳይክል የፍሬሙ ልክ ቁጥር 58 ነው። ወዳጄ ቁመቱ 1 ሜትር ከ72 ነው፤ ለእሱ 54 አካባቢ ነው የሚሆነው። የዓመቱ መጨረሻ ቅናሽ ላይ ተርፎ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ወይ በጣም ትልቅ ወይ በጣም ትንሽ ነው። መካከለኛው ቀድሞ ያልቃል። ቅናሹ ለዚህ ነው ለብዙ ሰው የማይደርሰው። በዚያ ላይ ፍሬሙ ከ28 ሚሊሜትር የሰፋ ጎማ አያስገባም። ጉድጓድ የበዛበት አገር ውስጥ 28 ይበቃል የሚል ሰው አለ። እኔ 32 የሚያስገባ እመርጣለሁ። ሰፋ ያለ ጎማ ውስጡ ብዙ ሳይነፋ፣ ለስለስ ብሎ ይነዳል፣ እጅንም ያሳርፋል፤ የዚህ ሰው ችግር ደግሞ እጁ ነው።

የባለቤቱ ወንድም ምግብ በማድረስ ነው የሚተዳደረው። "ምን በእግራችሁ ትለፋላችሁ፣ ኤሌክትሪክ ግዙ" አለን። ለእሱ ሥራ ልክ ነው። ለዚህ ጉዳይ ግን አይሆንም። በዚህ ዋጋ የሚገኘው ኤሌክትሪክ ሳይክል 25 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል፣ ወደ ሦስተኛ ፎቅ የሚወጣው በትከሻ ነው። ባትሪው ቤት ውስጥ ስለሚሞላ ደግሞ ዩኤል 2849 የሚባለውን የደህንነት መለኪያ ያለፈ መሆን አለበት፣ ርካሾቹ ላይ ይሄን ማግኘት ከባድ ነው። ከሁሉም በላይ ወዳጄ የጎደለው ጉልበት አይደለም።

ስለዚህ ያገለገለ ፍለጋ ገባን። እዚህ ላይ የጊዜው ነገር መጣ።

ወዳጄ የቸኮለው ማርች ሲገባ ሁሉም ይነዳል ብሎ ነው። እውነት ነው፣ ማርች 9 ቀን የአገሩ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደፊት ሲገፋ ምሽቱ ይረዝማል፣ መንገዱም ይሞላል። ግን እሱን ጠየቅኩት፤ አንተ መቼ ነው የምትነዳው? የዚያን ዓመት ዐቢይ ጾም የገባው ፌብሩዋሪ 24 ነው፣ ፋሲካ ኤፕሪል 20። ከሰኞ እስከ ዓርብ እስከ 9 ሰዓት ስለሚጾም በጾም ወራት ሥራ የሚሄደው በባቡር ነው። ባዶ ሆድ ይዞ ከመሀል ከተማ ሲልቨር ስፕሪንግ ዳገቱን መውጣት ሞክሮት ያውቃል፣ አልወደደውም። ሰዓቱ ሲቀየር ደግሞ ጠዋቱ ወደ ጨለማ ይመለሳል፣ ሥራ የሚገባው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ቅዳሜ የሰዓት ጾም የለም፣ ስለዚህ በሶ በጥብጦ በጠርሙስ ይዞ መንዳት ይችላል። ቡድኑ ግን በጾም ወቅት ግማሹ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚውለው፣ የሚነዳውም አጭር ነው። ረጃጅሞቹ መንገዶች ከፋሲካ በኋላ ናቸው። ማርች መጨረሻ ላይ የቼሪው አበባ ሲፈነዳ ወደ ሄይንስ ፖይንት የሚወስደው መንገድ በሰው ስለሚሞላ ለማንም አይሆንም።

ማለትም የአገሩ የሳይክል ወቅት በማርች ይጀምር እንጂ የእሱ ወቅት የሚጀምረው ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ነው። ወደ ሁለት ወር አለን። ይህን ካወቀ በኋላ መቸኮሉ ተወው። ሰው ጋራዡን የሚያጸዳውም አየሩ ሲሞቅ ነው፤ ፌብሩዋሪ ላይ ያልነበሩ ሳይክሎች ማርች ላይ ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ።

መጀመሪያ ያገኘነው የካርቦን ኮርስ ነበር፣ 500 ዶላር። ፎቶው ላይ ሲታይ የሦስት እጥፍ ዋጋ ያለው ነው። ሻጩ ቤቱ ሊያሳየን አልፈለገም፣ ነዳጅ ማደያ ጋ ቀጠረን። ሳይክሉን ገለበጥኩት። ፔዳሉ የሚዞርበት ቦታ ሥር፣ ፍሬሙ ላይ፣ የተቀረጸ መለያ ቁጥር አለ። ይሄኛው ላይ ተፍቋል። እግዜር ይስጥልኝ ብለን ሄድን። ወዳጄ በመኪናው ውስጥ ዝም አለ። ሳይክሉ አምሮት ነበር። ለቁጥሩ ባይክ ኢንዴክስ የሚባል ነፃ መዝገብ አለ፣ የተሰረቁ ሳይክሎች የሚመዘገቡበት። ቁጥሩን አስገብቶ ማየት ደቂቃ አይፈጅም። ቁጥሩ ከሌለ ግን የሚታይ ነገር የለም። የሰው ሳይክል ነው ብሎ መተው ነው።

ሁለተኛው ፎልስ ቸርች፣ ቨርጂኒያ ነበር። አንድ አዛውንት ጋራዣቸውን ከፍተው ጠበቁን። የአሉሚኒየም ፍሬም፣ የካርቦን ፎርክ፣ ቁጥር 54፣ ዲስክ ፍሬን፣ እስከ 32 ጎማ የሚያስገባ። ማርሹ ሺማኖ ቲያግራ፣ ከፊት 50 እና 34 ጥርስ፣ ከኋላ ባለ አሥር፣ ትልቁ 32። ዋጋ 700። መለያ ቁጥሩ ቦታው ላይ አለ፣ መዝገቡም ላይ ንጹሕ ነው። የገዙበትን ደረሰኝ ሳይቀር አስቀምጠዋል። እንዲህ ያለ ሻጭ ማግኘት ዕድል ነው።

ምርመራው ረዘም አለ፣ እሳቸውም ወንበር አምጥተው ተቀመጡ። መጀመሪያ የፍሬሙን አንገት ሥር፣ ታችኛው ቱቦ ከፊት የሚጋጠምበትን፣ በእጄ ዳበስኩ። ከፊት የተጋጨ ሳይክል ቀለሙ እዚያ ላይ ይሸበሸባል ወይ ይሰነጠቃል። የለም። የፊት ፍሬን ይዤ ወደፊትና ወደኋላ ወዘወዝኩት፣ የመሪው ኩሽኔታ ቢላላ እጅ ላይ ይንቋቋል። የለም። ፔዳል የሚታሰርበትን ክንድ ወደ ጎን ገፋሁ። ጠንካራ ነው። ጎማዎቹን አንስቼ አሽከረከርኩ፣ ቸርኬው ቀጥ ብሎ ይዞራል።

ከዚያ ብዙ ሰው የማያየውን አየሁ፣ የኮርቻውን ዘንግ። ለወዳጄ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል መውረድ ነበረበት። ዘንጉ ለዓመታት ካልተነቃነቀ ፍሬሙ ውስጥ ዝጎ ይጣበቃል፣ ያን ጊዜ ሳይክሉ የትኛውም ቁጥር ይሁን የሚሆነው ለድሮ ባለቤቱ ብቻ ነው። ብሎኑን ላላ አድርጌ ገፋሁት፣ ወረደ። ገና ሳንከፍል መሞከር ያለበት ነገር ነው።

ችግሩ የተገኘው ካቴናው ላይ ነው። ለዚህ መሣሪያ አያስፈልግም፣ የኢንች ማስመሪያ ይበቃል። አዲስ ካቴና ላይ ከአንድ ፒን ጀምሮ አሥራ ሁለት ጥንድ ቀለበት (አንድ ጠባብና አንድ ሰፊ አንድ ጥንድ ነው) ቢቆጠር ልክ 12 ኢንች ላይ ፒን ይውላል። ሲያልቅ ይለጠጣል። አንድ አሥራ ስድስተኛ ኢንች ካለፈ መቀየር አለበት። አንድ ስምንተኛ ካለፈ የኋላ ጥርሶቹንም አብሮ በልቷቸዋል፣ አዲስ ካቴና ቢደረግ እየዘለለ ያስቸግራል። ይሄኛው ከአንድ ስምንተኛም አልፎ ነበር። የፍሬን ሸራዎቹም አልቀዋል። ማስመሪያውን ለአዛውንቱ አሳየናቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩት፣ ሳቁ። ዋጋ ክርክር ብዙም አልነበረም። 590 ላይ ተስማማን። ማርካቶ የለመደ ሰው ባዶ እጁን ነው የሚከራከረው፤ እዚህ ማስመሪያው ነው የተከራከረልን።

ከመክፈሉ በፊት ወዳጄ ደብሊው ኤንድ ኦዲ የሚባለው መንገድ ላይ ነዳው። የድሮ የባቡር መስመር ነው፣ ከአርሊንግተን እስከ ፐርስልቪል 45 ማይል፣ በፎልስ ቸርች ያልፋል። የራሱን ፔዳል ይዞ ነበር የመጣው። ኮርስ ሳይክል ሲሸጥ ብዙውን ጊዜ ያለ ፔዳል ነው፣ ባለቤቱ የጫማውን መቆለፊያ ያለውን ፔዳል ለራሱ ያስቀራል። ስለ ፔዳል ካነሳሁ፣ የግራው ፔዳል ጥርሱ በተቃራኒ ነው የተቆረጠው። የሆቴል ጥገና ሠራተኛ የሆነው ወዳጄ ሳይቀር መጀመሪያ በተለመደው አቅጣጫ ታግሎት ነበር። ለመፍታት መፍቻውን ከላይ አድርጎ በሁለቱም ጎን ወደ ኋላ ጎማ አቅጣጫ መሳብ ነው።

ቤቱ ሳሎን ውስጥ ጋዜጣ አንጥፈን ካቴናውን፣ የኋላ ጥርሶቹንና የፍሬን ሸራዎቹን ቀየርን። 32 ሚሊሜትሩ ጎማ ከሃይብሪዱ ወጥቶ ኮርሱ ላይ ገባ፣ ወፍራሙ ጎማና ፓራፋንጎው ወደ ሃይብሪዱ ተመለሱ። ባለቤቱ ቡና እያፈላች ታየን ነበር። "ሁለተኛው ለቅዳሜ ከሆነ የመጀመሪያው ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥራ ካልሄደ እሸጠዋለሁ" አለች። ቃል ገባላት።

የማስቀመጫው ጉዳይም እሷ በጠየቀችበት ቀን ካልተፈታ እንደማያልፍ ገብቶን ነበር። ግድግዳ መብሳት አይፈቀድም። መፍትሔው ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚወጠር ምሰሶ ሆነ፣ ሁለት ሳይክል ከላይና ከታች ይሰቀልበታል፣ ብሎን አይፈልግም። ከበሩ ጀርባ የነበረውም ተነሳ። ቤቱ ሁለት ሳይክል ከገባበት በኋላ አንድ በነበረበት ጊዜ ካለው ይልቅ ሰፋ።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሳይክሉ 590፣ ጎማ 80፣ ካቴና 30፣ የኋላ ጥርሶች 55፣ የፍሬን ሸራ 35፣ የመሪ መጠቅለያ 25፣ ሁለተኛ ፔዳል 40፣ ምሰሶው 65፣ ለነጂው ደግሞ መቀመጫው ላይ ስፖንጅ ያለው ቁምጣ 60። በድምሩ 980። የእጅ ዋጋ የለበትም፣ ምክንያቱም እኔ የተከፈልኩት በጾም ምሳ ነው። ለሱቅ ቢሰጥ በጀቱን ሊነካው ይችል ነበር። ኤፕሪል ላይ ደግሞ የጥገና ሱቆች ስለሚጨናነቁ ሳይክል ሰጥቶ ሳምንታት መጠበቅ የተለመደ ነው፤ ይህም ማርች ላይ መግዛታችን የጠቀመበት ሌላ ምክንያት ነው።

በጾሙ ቅዳሜዎች ብቻውን በአጭር መንገድ እየነዳ ኮርቻውን አስተካከለ። ከፋሲካ በኋላ ከቡድኑ ጋር ወጣ። ሄይንስ ፖይንት ላይ ከሰዎቹ ጀርባ ተጣብቆ ዞረ። ጣቶቹ ሙሉ በሙሉ ባይተዋቸውም፣ እጁን እየቀያየረ ስለሚይዝ መደንዘዙ በጣም ቀነሰ። ከሮክ ክሪክ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚመለሱበት ዳገት ላይ ግን አሁንም የመጨረሻው እሱ ነው። ያ ዳገት ፊትም ከሳይክሉ አልነበረም። ይሄን ሲሰማ ሳቀ፣ በልቡ ግን ቀለል ያለ ቸርኬ ማሰቡን አውቃለሁ።

አንድ ያላለቀ ነገር ኢንሹራንስ ነው። የተከራይ ኢንሹራንስ አለው፣ የተሰረቀ ሳይክልም ይሸፍናል። ነገር ግን ከኪሱ መጀመሪያ የሚከፍለው 500 ዶላር ነው። 590 የተገዛ ሳይክል ቢሰረቅ የሚደርሰው ለቡና ብዙም አይተርፍም። ስለዚህ የመረጠው ጥሩ ቁልፍና ፎቶ ነው። የሁለቱንም መለያ ቁጥር ፎቶ አንስቶ መዝገቡ ላይ አስገብቷል።

ቡድኑ አሁን የሚያወራው ስለ ሲኤንድኦ ቦይ መንገድ ነው። ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ 184.5 ማይል፣ በድሮው የጀልባ ቦይ ዳር። ድንኳንና ምግብ ጭኖ የቀናት መንገድ ነው። አስፋልት አይደለም፣ ደቃቅ ድንጋይና አፈር ነው፣ ዝናብ ሲዘንብ ይጨቀያል። ወፍራም ጎማ፣ ፓራፋንጎና የዕቃ መጫኛ ይፈልጋል። የኮርስ ባለቤቶቹ ምን እንደሚከራዩ እየተነጋገሩ ነው። ወዳጄ ግን የሚሄድበትን አስቀድሞ ወስኗል፣ ምሰሶው ላይ ከታች በተሰቀለው ሃይብሪድ ነው።